የግጭ ገበሬዎች ያልተከፈለ ዕዳ

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2017 በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ሲሰረዝ ዜናው እንደ ድል ተነገረ። ፓርኩ በ1996 ወደ መዝገቡ ከገባባቸው ምክንያቶች አንዱ የሰፈራና የግጦሽ ጫና ነበር። ጫናው እንዲቀል ካደረጉት እርምጃዎች ዋነኛው የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 ወደ ደባርቅ መዛወራቸው ነው። በደጋው አምባ ገብስ ዘርተው፣ በግና ከብት አርብተው የኖሩ ገበሬዎች ካሳ ተቀብለው የከተማ ነዋሪ ሆኑ። ሣሩ አገገመ፤ ዋልያም ሰፊ መሰማሪያ አገኘ። ይህን የሚጠላ የለም።

ጥያቄው መሬቱን ምን ተካው የሚለው ነው። መልሱ ሁልጊዜ «ቱሪዝም» ነበር፦ መንገድ መሪነት፣ በቅሎ ማከራየት፣ ለእንግዳ ምግብ ማብሰል። በ2020 ወረርሽኙ መጣ፤ በዚያው ዓመት ጦርነቱ ተከተለ፤ ከ2023 ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ውጊያው ቀጠለ። ጎብኚ በማይመጣበት ዓመት በቅሎ የሚከራይ የለም። ገብሱ ግን ጎብኚ አይጠብቅም ነበር።

«በፈቃዳቸው ነው የተነሡት» የሚለው መከራከሪያ ዕዳውን አይሰርዝም፤ እንዲያውም ውል መኖሩን ያስረዳል።

ስለዚህ በዋሽንግተንም ሆነ በአውሮፓ ለጥበቃ ሥራ ገንዘብ የሚያጸድቁ የምክር ቤት አባላት አንድ ቅድመ ሁኔታ ያስገቡ፦ ለተነሡት ቤተሰቦች የሚሰጠው ድጋፍ በጎብኚ ቁጥር የማይወሰን፣ በሕግ የታሰረና ሒሳቡ በየዓመቱ ለሕዝብ የሚገለጽ ይሁን። ለፓርክ ጠባቂ ደመወዝ ሲያዝ ስንት ጎብኚ እንደሚመጣ ማንም አይጠይቅም።