ዝና ሙያን አይተካም



በቅርቡ ክፍል ውስጥ «ስታድጉ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?» ብዬ ጠይቄ ነበር። አንድ ተማሪ «የቴሌቪዥን ውድድር አሸንፌ ነጋዴ እሆናለሁ፤ ትምህርት ምን ያደርግልኛል?» አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ያቋረጠ ሰው አቋራጭ መንገድ እንዴት እንደሚያጓጓ ያውቃል።

መልሴ የማርከስ ሳሙኤልሰን ታሪክ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሲወለድ ስሙ ካሳሁን ነበር። እናቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት፤ እሱንና እህቱን ስዊድናውያን ባልና ሚስት በጉዲፈቻ አሳደጓቸው። ምግብ ማብሰልን ከስዊድናዊት አያቱ ተማረ፤ አውሮፓ ውስጥም በተለማማጅነት ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1995 ኒውዮርክ ውስጥ አኳቪት የተባለው ምግብ ቤት ዋና ሼፍ ሳለ፣ ኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ለቤቱ ሦስት ኮከብ ሰጠ።

«ቶፕ ሼፍ ማስተርስ» የተባለውን የቴሌቪዥን ውድድር ያሸነፈው በ2010 ነው። ልብ በሉ፤ በመካከሉ 15 ዓመት አለ። ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ የሆነው ሽልማትም ለዩኒሴፍ የውኃ ሥራ ሄደ እንጂ ኪሱ አልገባም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሃርለም ውስጥ «ሬድ ሩስተር» የተባለ ምግብ ቤት ከፈተ፤ ኋላም አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ሌላ ከፍቷል። ይሁን እንጂ በ2015 እዚያው ሃርለም የከፈተው «ስትሪትበርድ» ጥቂት ዓመት ቆይቶ ተዘጋ። ዝናው ደንበኛ ይጠራል፤ ኪራይና ደመወዝ ግን አይከፍልም። ሌላ ቤት እንዲከፍት ያስቻለው በእጁ ያለው ሙያ ነው።

እውነቱን ላለመደበቅ፣ ማርከስ እኛ የሌለን ዕድል ነበረው፤ ፓስፖርትና የተደላደለ ቤት አግኝቷል። ስለዚህ «ከጣራችሁ እንደ እርሱ ትሆናላችሁ» ብዬ አልዋሻችሁም። የምለው አንድ ነገር ነው፤ ዝና ቢመጣም ባይመጣም ሙያ ከሰው ጋር ይሰደዳል። እዚህ ጁባ ምግብ ቤት ከፍተው የሚያድሩ ወገኖቻችን ካሜራ አላያቸውም፤ ነገር ግን ዱቤ መዝግበው፣ ዱቄትና ዘይት አስልተው ይገዛሉ።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁን ለእንጀራ ሽያጭ ብላችሁ ከትምህርት አታስቀሩ። ይልቅስ ማታ የዕለቱን ገቢና ወጪ በደብተር እንዲጽፉላችሁ አድርጉ። ያ ሒሳብም ነው፤ ንግድም ነው።

አንተም ተማሪዬ፣ ውድድሩን ተመልከት፤ አስቀድመህ ግን የምትወዳደርበትን ሙያ ያዝ።