መምህርቷ በዘር ቈጠራ ላይ

አንባቢ ሆይ፤ ዘርህን ቍጠር ብትባል ቀኛዝማቹንና ባላምባራሱን በአንድ ትንፋሽ ታወርዳቸዋለህ። ከአክስትህ ላይ ስትደርስ ግን «እሳቸውማ አስተማሪ ነበሩ» ብለህ ታልፋለህ።

እስቲ የከንቲባ ገብሩ ደስታን ቤት ተመልከት። ዛሬ ያ ቤተሰብ በዓለም የሚታወቀው በእማሆይ ጽጌ ማርያም ፒያኖ ነው፤ ዜማቸው በሸክላ ተቀርጾ ቀርቷልና። የማስተማር ሥራ ግን በሸክላ አይቀረጽ! ታላቅ እኅታቸው ወይዘሮ ስንዱ መምህርት ነበሩ። (እኔም ጠመኔ ያዥ ነኝና ወደ ወገኔ ባደላ አትደነቅ።) በልጅነታቸው ስዊስ አገር ተማሩ። በጠላት ወረራ ጊዜ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ፤ ተይዘውም ወደ አሲናራ ደሴት ተጋዙ። ከነጻነት በኋላ በደሴ አስተማሩ፤ ቀጥሎም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዲሬክትሪስ ሆኑ፤ ለተማሪዎቻቸውም ትያትር ይደርሱ ነበር። በ1950 ዓ.ም. ለፓርላማ ሲመረጡ የመጀመሪያይቱ ሴት እንደራሴ ሆኑ።

የእርሳቸው ታሪክ እንኳ ተጽፏል። ያንተ አክስት በሕይወት ካሉ ግን ዛሬ ማታ ሂድና ጠይቃቸው፤ መጀመሪያ የት ተመደቡ? በበቅሎ ሄዱ ወይስ በካሚዮን? ደመወዛቸው ስንት ብር ነበር? በአንድ ክፍልስ ስንት ልጅ ይቀመጥ ነበር? የሹመት ደብዳቤያቸውንም አይጥ ሳይቀድምህ ከሣጥኑ ሥር ፈልግ።