ፒያኖ ባለበት ቤት የአየርን እርጥበት ስለ መጠበቅ

በነሐሴ ወር ልጅ ፒያኖ ሲመታ የተጫነው ቁልፍ ተመልሶ ሳይነሣ ቢቀር፣ አባት ልጁን ይቈጣል፤ በጥር ወር ደግሞ ቅኝቱ ወርዶ ቢገኝ ቃኚው ይወቀሳል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ በደለኛው የቤቱ አየር ነው እንጂ ልጁም ቃኚውም አይደለም። ስለዚህ ፍርዱ እንዳይጣመም፣ ፒያኖ ያለው ቤተ ሰብ የአየሩን እርጥበት እንዴት እንደሚጠብቅ ዛሬ ባጭሩ እንገልጻለን።

ፒያኖ ከውጭ ሲያዩት ጽኑ ዕቃ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ከእንጨት፣ ከተጠቀጠቀ ሱፍና ከብረት የተሰናዳ ነው። 88 ቁልፎችና 230 ያህል ክሮች አሉት፤ ክሮቹም ባንድነት ከ15 እስከ 20 ቶን በሚደርስ ኃይል የተወጠሩ ናቸው። የክሮቹን ድምፅ የሚያጐላው ሰፊ የእንጨት ሰሌዳ ግን ውፍረቱ 1 ሳንቲሜትር እንኳ አይሞላም። ይህ ሰሌዳ እርጥበት ሲጠጣ ያብጥና ክሮቹን ገፍቶ ቅኝቱን ከፍ ያደርገዋል፤ ሲደርቅም ይሰበሰብና ቅኝቱ ይወርዳል። የቤተ ክርስቲያን ሰው ይህን በከበሮ ያውቀዋል፤ በክረምት ቆዳው ሲላላ ፀሐይ ቢያሞቁት ድምፁ ይመለሳልና። ፒያኖን ግን ፀሐይ ማሞቅ ማጥፋት ነው።

ለፒያኖ የሚስማማው አየር ሊሸከም ከሚችለው እርጥበት ከመቶ ከ40 እስከ 50 እጅ የያዘ አየር ነው። እርጥበቱ ሲበዛ ሱፉ ያብጣል፣ ቁልፉ ይያዛል፣ ክሩ ይዝጋል። ሲያንስ ሰሌዳው ይሰነጠቃል፤ የክሮቹ መወጠሪያ ችንካሮችም ላልተው ቅኝት አይይዙም። ከሁሉም የሚከፋው ግን ካንዱ ወደ ሌላው መመላለሱ ነው። በአዲስ አበባና በሌላውም ደጋ ከሰኔ እስከ መስከረም አየሩ እርጥብ ሆኖ ሰንብቶ ከጥቅምት ጀምሮ ይደርቃልና፣ ያገራችን ፒያኖ ይህን ፈተና በየዓመቱ ይቀበላል። እሳትም ያደርቃል፤ በ10 ዲግሪ ሳንቲግራድ እርጥበት የጠገበ አየር እስከ 20 ዲግሪ ቢሞቅ፣ አንዲት ጠብታ ሳትጐድልበት፣ ልኩ ከመቶ ወደ 52 እጅ ይወርዳል።

እንግዲህ ሊደረግ የሚገባው ይህ ነው።

መጀመሪያ፤ የአየር እርጥበት መለኪያ ገዝቶ ፀሐይ በማይነካው ስፍራ ከፒያኖው አጠገብ ማኖርና ጧትና ማታ ቍጥሩን በደብተር መጻፍ ነው። ሳይለኩ መድኃኒት መስጠት አይገባምና።

ሁለተኛ፤ ፒያኖውን ከመስኮት፣ ከበርና ከምድጃ አርቆ በውስጠኛው ግድግዳ በኩል ማቆም፣ ከግድግዳውም ጥቂት ማራቅ ነው።

ሦስተኛ፤ በክረምት በዚያ ክፍል እርጥብ ልብስ አለማስጣት፣ እርጥብ ሣር አለመጐዝጐዝ፣ ጀበናንም በአጠገቡ አለማፍላት ነው። የሚቻለው ሰው በኤሌክትሪክ የሚሠራ እርጥበት መሳቢያ ያግባ፤ በበጋም እርጥበት የሚሰጠውን መሣሪያ ከፒያኖው አርቆ ያኑር። ከፒያኖ በታች የውሃ ሳሕን ማኖር ልክ የሌለው ነገር ስለ ሆነ አይበጅም። በላዩ የአበባ ማስቀመጫ ማኖር ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ውሃው የፈሰሰ እንደ ሆነ ወደ ውስጥ ይወርዳልና።

አራተኛ፤ ወቅት ሲለወጥ ወዲያው አለማስቃኘት ነው። መለኪያው ጥቂት ሳምንት ባንድ ልክ ከጸና በኋላ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ይኸውም አንዱን በነሐሴ፣ ሁለተኛውን በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ማስቃኘት ይበቃል።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው ለዕቃው ዋጋ ብቻ ብለን አይደለም። ልጅ በተጣመመ ቅኝት ላይ ሲለማመድ ጆሮው የተጣመመውን ቀና ነው ብሎ ይቀበለዋል። የተበጠሰ ክር ባንድ ቀን ይለወጣል፤ በልጅነት የተጣመመን ጆሮ ለማቅናት ግን ብዙ ዘመን ያስፈልጋል።