ከመለወጥ በፊት መለካት

ትራንዚስተር እ.ኤ.አ. በ1947 ከተፈለሰፈ በኋላ ሬዲዮው፣ ቴሌቪዥኑና ኮምፒዩተሩ በየተራ የመስታወት ቲዩብን እየተዉ ወደ አዲሱ ቴክኖሎጂ ተሻግረዋል። የኤሌክትሪክ ጊታር ተጫዋቾች ግን ከቲዩብ ጋር እስከ ዛሬ አልተለያዩም። ቲዩብ ከዐቅሙ በላይ ሲገፋ የድምፅ ሞገዱን የሚያዛባበት መንገድ ለብዙዎች ጆሮ የሚስማማ ቀለም ስላለው፣ በቲዩብ የሚሠራ አምፕሊፋየር አሁንም እየተመረተ ይሸጣል፤ አሮጌውም እየተጠገነ ያገለግላል። በዚህ ጽሑፍ ልንከራከርለት የፈለግነው ግን የድምፁ ማማር አይደለም። መሣሪያው ሲበላሽ እንዴት ሊመረመር፣ ጤነኛ ሆኖ ሳለም ባሕርዩን ለመለወጥ ሲታሰብ እንዴት ሊሻሻል እንደሚገባው ነው። በእኛ አስተያየት ያልተለካ ነገር ሊለወጥ አይገባውም። ይህን ልማድ ለመማር ደግሞ ከቲዩብ አምፕሊፋየር የተሻለ መሣሪያ በቀላሉ አይገኝም።

አሠራሩን በአጭሩ እናስታውስ። በቲዩቡ ውስጥ የሚግለው ካቶድ ኤሌክትሮኖችን ይለቃል። ከፍተኛ አዎንታዊ ቮልቴጅ የተሰጠው አኖድ ኤሌክትሮኖቹን ይስባቸዋል። በመካከላቸው ያለው ግሪድ ከካቶዱ ይልቅ አሉታዊ ሆኖ ስለሚቀመጥ ፍሰቱን ይገታል፤ ከጊታሩ የሚመጣው ደካማ ሲግናል ግሪዱን ከፍ ዝቅ ሲያደርገው በአኖዱ ላይ ብዙ እጥፍ የሆነ የቮልቴጅ ለውጥ ይታያል። ይህ ደረጃ በደረጃ ከተደጋገመ በኋላ ኃይል ሰጪዎቹ ቲዩቦች በትራንስፎርመር አማካይነት ስፒከሩን ያንቀሳቅሳሉ። በደረጃና በደረጃ መካከል የሚገባው ካፓሲተር ተለዋዋጩን ሲግናል እያሳለፈ፣ የቀደመውን ደረጃ ከፍተኛ ቀጥተኛ ቮልቴጅ ያግዳል።

አሁን አንድ የተለመደ ብልሽት እንውሰድ። ከኃይል ሰጪዎቹ ቲዩቦች የአንዱ አኖድ እንደ ፍም ይቀላል። ችኩል ሰው ቲዩቡን አውጥቶ አዲስ ይተካል። አዲሱም ጥቂት ቆይቶ ይቀላል፤ ሌላ ይገዛል፤ እርሱም ይቃጠላል። ቲዩቡ ግን የሕመሙ ማሳያ እንጂ መነሻው ላይሆን ይችላል። ከፊቱ ያለው ካፓሲተር በእርጅና ቀጥተኛ ቮልቴጅ ማሳለፍ ከጀመረ፣ ግሪዱ የሚገባውን አሉታዊ ቮልቴጅ ያጣል፤ የሚገታው ሲጠፋ ፍሰቱ ከልክ ያልፍና አኖዱ ይግላል። ግሪዱን አሉታዊ የሚያደርገው የቮልቴጅ ምንጭ ቢቋረጥም ውጤቱ ያው ነው። ሁለቱን ለመለየት የሚያስፈልገው አንድ ልኬት ነው። ኃይሉ ተቋርጦ የካፓሲተሩ አንድ እግር ከተነቀለ በኋላ የግሪዱ ቮልቴጅ እንደገና ሲለካ ወደ ቦታው ከተመለሰ ጥፋተኛው ካፓሲተሩ ነው። ካልተመለሰ ፍለጋው ወደ ቮልቴጅ ምንጩ ይዞራል። ውድ ቲዩቦችን ከማቃጠል የሚያድነን ይህ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ቲዩብ አምፕሊፋየር በሽታውን አይደብቅም፤ ክፍሎቹ በዓይን የሚታዩ፣ በመልቲሜትር ጫፍ የሚነኩ ናቸው። ለምሳሌ በአንድ የመግቢያ ደረጃ የኃይል ምንጩ 280 ቮልት፣ በአኖዱ መንገድ ያለው ሬዚስተር 100 ኪሎ ኦም፣ በካቶዱ ሥር ያለው 1.5 ኪሎ ኦም ይሁን። በካቶዱ ሬዚስተር ላይ 1.5 ቮልት ካነበብን በኦም ሕግ መሠረት 1 ሚሊ አምፔር እየፈሰሰ ነው። ይኸው ፍሰት በ100 ኪሎ ኦሙ ሲያልፍ 100 ቮልት ስለሚወስድ፣ አኖዱ ላይ 180 ቮልት ማግኘት ይኖርብናል። በምትኩ 280 ቮልቱ እንዳለ ከተገኘ ምንም ፍሰት የለም ማለት ነው፤ ቲዩቡ ሞቷል፣ ማሞቂያው ጠፍቷል ወይም የካቶዱ ሬዚስተር ተቆርጧል። በክፍል ውስጥ ደረቅ መስሎ የሚታየው የኦም ሕግ እዚህ ላይ ተጠርጣሪዎቹን ወደ ሦስት ያወርዳቸዋል።

ጆሮም ቢሆን የሚሰማውን ከሚያውቀው ሕግ ጋር ካገናዘበ ጥሩ መለኪያ ነው። የሀገራችን የኤሌክትሪክ መስመር ድግግሞሽ 50 ኸርዝ ነው። ሙሉውን ሞገድ የሚያቃና ሬክቲፋየር ከዚህ የ100 ኸርዝ ሞገድ ያወጣል፤ ማጣሪያ ካፓሲተሮቹ ሲያረጁ የሚሰማውም ጉርምርምታ በአብዛኛው ይኸው ነው። ጉርምርምታው 50 ኸርዝ ከሆነ ግን ጥርጣሬያችን ወደ ማሞቂያው ሽቦ፣ ወደ መሬት መስመሩ ወይም መከለያው ወደ ተበላሸ ኬብል ያዘነብላል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በሙዚቃ ቋንቋ አንድ ኦክቴቭ ስለሆነ የሙዚቃ ሰው በቀላሉ ይለየዋል።

ልኬቱ አንዳንዴ ከመሣሪያው ውጭ፣ ከግድግዳው ሶኬት መጀመር አለበት። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ አምፕሊፋየር 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ሲጠብቅ እኛ ዘንድ የሚያገኘው 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር የመጀመሪያውን ችግር ይፈታል፤ ድግግሞሹን ግን አይለውጥም። በተመሳሳይ ቮልቴጅ ድግግሞሹ ከ60 ወደ 50 ሲወርድ በመሣሪያው ትራንስፎርመር ብረት ውስጥ ያለው መግነጢሳዊ ፍሰት በአንድ አምስተኛ ይጨምራል። ስለዚህ ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር ከልክ በላይ ሊሞቅ ይችላል። በመሣሪያው ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ መሰካት ብልሽትን በገዛ እጅ መጥራት ነው።

ጤነኛውን መሣሪያ ወደማሻሻል እንለፍ። በዚህ ረገድ የታወቀው ምሳሌ የማርሻል አምፕሊፋየር ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 በምዕራብ ለንደን የሙዚቃ መሣሪያ መደብር የነበረው ጂም ማርሻል ከኬን ብራንና ከዱድሊ ክሬቨን ጋር ሆኖ የአሜሪካውን ፌንደር ቤዝማን ንድፍ መሠረት በማድረግ የራሱን አምፕሊፋየር ሠራ። ንድፉ በአብዛኛው የፌንደር ነበር። ሆኖም በመግቢያው ላይ የማጉላት መለኪያው 44 ገደማ በሆነው 12ኤዋይ7 ምትክ መለኪያው 100 የሆነውን ኢሲሲ83 አስገቡ፤ ስፒከሩንም ጀርባው በተዘጋ ሣጥን አደረጉት። ከእነዚህና ከመሰል ጥቂት ለውጦች የሮክ ሙዚቃ የሚታወቅበት ድምፅ ተወለደ። እኛ ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ጥቂት ለውጥ፣ በታወቀ ቦታ፣ በታወቀ ምክንያት ሲደረግ ሩቅ እንደሚሄድ ነው።

አንድ ለውጥ አስቀድመን በስሌት እንሞክር። ቀደም ሲል በጠቀስነው የመግቢያ ደረጃ ኢሲሲ83 ቢኖርና ከካቶዱ ሬዚስተር ጎን 25 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ቢቆም፣ የማጉላቱ መጠን በጊታሩ ድምፆች ሁሉ ላይ ወደ 61 እጥፍ ይሆናል። ካፓሲተሩ ቢነሳ ወደ 32 ይወርዳል። በ0.68 ማይክሮፋራድ ቢተካ ደግሞ ወፍራሞቹ ድምፆች በዝቅተኛው መጠን ይቀራሉ፤ ከ150 ኸርዝ ገደማ ጀምሮ ማጉላቱ ከፍ እያለ ይሄዳል። የጊታሩ ወፍራም ክር 82 ኸርዝ ገደማ ስለሆነ ድምፁ ቀጠን ብሎ ይጠራል። ይህን አስቀድሞ የሚያውቅ ተማሪ ጆሮው የሚሰማውን ከግምቱ ጋር ያነጻጽራል። የማያውቀው ግን «ዕቃው ጥሩ ነው» ብሎ ያልፋል።

«ለሙዚቃ ዳኛው ጆሮ ነው፤ ቁጥር ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። የመጨረሻው ዳኛ ጆሮ መሆኑን እንቀበላለን። ይሁን እንጂ ጆሮ በቀላሉ ይታለላል። ከሁለት ድምፆች ጥቂት ከፍ ያለው የተሻለ መስሎ ስለሚሰማን፣ ማጉላትን የሚጨምር ለውጥ ሁሉ መሻሻል ይመስለናል። ስለዚህ ሁለቱ ድምፆች በእኩል ከፍታ ይሰሙ፤ የሚቀያይራቸውም ሌላ ሰው ይሁን፤ ሰሚው የትኛው የትኛው እንደሆነ አይወቅ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ የነበረውም ዋጋ ይመዝገብ፣ መመለስ እንዲቻል።

ቁም ነገሩ የድምፅ ብቻ አይደለም፤ የሕይወትም ነው። ማጣሪያ ካፓሲተሮች መሣሪያው ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ኃይል ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። በ450 ቮልት የተሞላ የ40 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር 4 ጁል ገደማ ይይዛል፤ ቮልቴጁም ለሞት የሚያበቃ ነው። ስለዚህ ክዳኑ ሲከፈት ተገቢ ዐቅም ባለው ሬዚስተር ማራገፍ፣ ዜሮ መሆኑንም በመልቲሜትር ማረጋገጥ ግዴታ ነው። ስፒከር ሳይያያዝም መሣሪያውን ማሠራት አይገባም፤ የመውጫ ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል። በብዙ አሮጌ የአሜሪካ አምፕሊፋየሮች ውስጥ የመሬት መስመር ካለመኖሩም በላይ ከኃይል መስመሩ ወደ ብረት አካሉ የተያያዘ ካፓሲተር አለ። ይህ ካፓሲተር ቢያጥር የጊታሩ ክር ራሱ ኤሌክትሪክ ይይዛል። የስኮትላንዱ ጊታር ተጫዋች ሌስ ሃርቪ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1972 በስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ የሞተው በሚገባ ከመሬት ጋር ያልተያያዘ ማይክሮፎን ነክቶ ነው። ስለዚህ ለአሮጌ መሣሪያ የመጀመሪያው ማሻሻያ ድምፅ አይነካም፤ ያን ካፓሲተር አንስቶ የመሬት መስመር ያለው ገመድ ማስገባት ነው። ሥራው ልምድ ባለው ባለሙያ ፊት እንጂ ለብቻ ሊሞከር አይገባም።

የዛሬው ስልክና ኮምፒዩተር ሲበላሽ በአብዛኛው ሙሉ ሰሌዳው ይለወጣል፤ ተማሪው ምክንያቱን ሳያይ ይቀራል። በዚህ የተነሳ ዕቃ መለዋወጥን ጥገና ነው ብሎ የሚያምን ትውልድ እንዳይፈጠር እንሰጋለን። የትምህርት ክፍሎቻችን በመጋዘን ያስቀመጧቸው አሮጌ የቲዩብ መሣሪያዎች ካሉ፣ በመምህር ጥበቃ ሥር በቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ እንላለን። ተማሪውም መበየጃውን ከማንሳቱ በፊት ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ምን እንደጠረጠረ፣ ምን ያህል ቮልት እንደሚጠብቅ፣ ምን ያህል እንዳገኘ። የጠበቀውና ያገኘው ሲለያዩ ምርመራው ከዚያ ይጀምራል።