ያልተጻፉት 20 ዓመታት

ለቤተሰብ ድራማ፣ ለሲትኮምና ለአኒሜሽን ጸሐፊዎች
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ «ከ20 ዓመት በኋላ» እያላችሁ ስለምታሳዩን ነገር

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከከሚሴ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የተጓዘ ሰው ሁሉ ከተማችንን ያውቃታል፤ ሌላው ቢቀር በመኪና መስኮት አይቷታል። እኔ እዚህ አማርኛ አስተምራለሁ፤ የትምህርት ቤታችንን ሚኒ ሚዲያና የድራማ ክበብም አግዛለሁ። የማነሣው የግል ቅሬታ ሳይሆን የአጻጻፍ ልማድ ነው። ልማዱ ከእናንተ ስክሪን ተነሥቶ የተማሪዎቼ ደብተር ውስጥ ስለ ገባ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አንድ የቤተሰብ ታሪክ ሲሄድ ሲሄድ ይቆይና ስክሪኑ ይጨልማል። «ከ20 ዓመት በኋላ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ሕፃኑ ጢም አብቅሏል፣ አባት ሸብቷል፣ አያት ግድግዳ ላይ በፎቶ ተሰቅለዋል። ተማሪዎቼን «የወደፊት ሕይወታችሁን በአጭር ድራማ ጻፉ» ስላቸው የሚያመጡልኝ ይህንኑ ነው። ጎበዙ ልጅ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ቢሮ አለው፤ ወይም ከውጭ ሀገር መጥቶ ከቪ ኤይት መኪና ይወርዳል። ሰነፉ ዛሬም ሰነፍ ነው። ቆንጆዋ ተሞሽራለች። እናት በዚያው ጉልቻ ሥር፣ በዚያው ሻሽ፣ ልጇን ስታይ ታለቅሳለች። ከሚሴ አንድ አዲስ ቤት እንኳ አልተሠራባትም። በአፋን ኦሮሞ የተማረ፣ ገበያ ላይ አማርኛ የሚናገር፣ ቁርኣኑን በአረብኛ የቀራ ልጅ የወደፊት ራሱን ሲጽፍ ሦስቱንም ትቶ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ያናግረኛል። ይህን ከቤቱ አላመጣውም። ወደፊት ማለት እንዲህ ያለ ነገር ነው ብሎ ከስክሪን ተምሮት ነው።

የልማዱን ምንጭ ፈልጌ ተከትዬዋለሁ። ከሁሉ የሚታወቀው ምሳሌ «ዘ ሲምፕሰንስ» የተሰኘው የአሜሪካ የቤተሰብ አኒሜሽን ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 19 ቀን 1995 የታየው፣ ግሬግ ዳንኤልስ የጻፈው የሊሳ ሰርግ ክፍል አንዲት ጠንቋይ ለ8 ዓመቷ ሊሳ የ2010ን ዓለም ስትነግራት ያሳያል። ሊሳ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ ሂዩ ከሚባል እንግሊዛዊ ጋር ተዋድዳ ልትጋባ ነው። ክፍሉ በዚያው ዓመት ለአኒሜሽን የሚሰጠውን የኤሚ ሽልማት አግኝቷል፤ ይገባዋልም እላለሁ። የሚገባው ግን በዙሪያው በተደረደሩት ሮቦቶችና ፊት በሚያሳዩ ስልኮች አይደለም። አባትየው ሆመር ለሙሽራው የቤተሰብ ወግ ነው ብሎ መልኩ የሚያስቅ የእጅጌ ቁልፍ ይሰጠዋል። ሙሽራው በሰርጉ ቀን አያደርገውም፤ ሊሳ ለምን ብላ ስትጠይቀው ቤተሰቧን እንደሚንቅ ይገለጥባታል። ሊሳ ሰርጉን ታፈርሳለች። ታሪኩ ሁሉ የቆመው በዚያች ቁልፍ ላይ ነው። ልጅቱ ባደገችበት ቤት ታፍርም ነበር፣ ትወደውም ነበር፤ ይህን ስሜቷን ተመልካቹ ለዓመታት ሲያየው ኖሯል፣ ወደፊት የተዘለለውም እሱን ለመፈተን ነው። ትንሿ እኅቷ ማጊ እንኳ በሕፃንነቷ አፏን ስላልፈታች አድጋም ድምጿን አንሰማም፤ በሰርጉ ልትዘፍን ስትል ሰርጉ ይቀራል። የሚያስቀን ትናንትን ስለምናውቅ ነው።

ይህን ክፍል የሚቀዱት ሰዎች ጠንቋይዋን ቀዱ፣ ሮቦቱን ቀዱ፣ ሰርጉን ቀዱ። የእጅጌ ቁልፏን ተዉአት።

ራሳቸው «ሲምፕሰንሶች»ም ቆይተው ትናንትን ከነገ የማገናኘቱን ጉዳይ አቅልለውታል። እ.ኤ.አ. በ2000 በታየው ሌላ ክፍል ሊሳ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ናት፤ በ2011 በታየው ደግሞ የወንድሟን የባርትን ጓደኛ ሚልሃውስን አግብታ ወልዳለች። አዲሱ ወደፊት በመጣ ቁጥር የቀደመው እንዳልነበረ ይሆናል፤ በማግስቱ ባርት ያው የ10፣ ሊሳ ያው የ8 ዓመት ልጅ ሆነው ይቀጥላሉ። ለዚህ በሀገራቸው ምክንያት አለው። የእነሱ ሲትኮም ክፍሎቹ በድጋሚ ሲታዩ በማንኛውም ቅደም ተከተል ቢታዩ እንዳይፋለሱ ተደርጎ ይሠራል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል ሲያልቅ ሁሉም ነገር ወደነበረበት መመለስ አለበት። በካርቱን የተሣለ ልጅ ደግሞ አያረጅም። ጠንቋይ፣ ሕልም፣ የጊዜ ማሽን የመሳሰለው ሁሉ ከዚያ ግዴታ ለአንድ ምሽት ለማምለጥ የተገኘ ቀዳዳ ነው። እኛ ያ ግዴታ የለብንም። የእኛው ሲትኮም «ቤቶች» ለዓመታት ሲታይ ተዋንያኑ ዓይናችን እያየ አድገዋል፣ ጎልምሰዋል። ጊዜ በነጻ ይሠራልናል። እንዲህ ያለ ሀብት እያለን የሌላውን ቀዳዳ ተውሰን በጽሑፍ መዝለላችን ያሳዝነኛል።

ሌላም የተወረሰ ነገር አለ። ሌላው የአሜሪካ አኒሜሽን «ዘ ጄትሰንስ» እ.ኤ.አ. በ1962 ሲጀመር 100 ዓመት ወደፊት ያለ ቤተሰብ ነው ብሎ መጣ። መኪናው ይበራል፣ ቤቱን ሮቦት ያጸዳዋል። ባልየው ግን ቢሮ ሄዶ ቁልፍ ተጭኖ አለቃው ይጮህበታል፣ ሚስትየው ቤት ናት፣ ገንዘቡን ከባሏ ቦርሳ ትወስዳለች። ዕቃው መቶ ዓመት ሲሄድ ሰዎቹ በ1962ቱ ሳሎን ቀሩ። የእናንተም ሥራ ይህ ሕመም አለበት። ስልኩን ታሳድጉታላችሁ፣ ፎቁን ታስረዝማላችሁ፤ እናትና ልጅ የሚነጋገሩበት፣ ባልና ሚስት የሚጣሉበት፣ ጎረቤት የሚተዛዘንበት መንገድ ግን ካለበት ፈቀቅ አይልም።

በከሚሴ በኩል ብታዩት የትኛውም ቤተሰብ 20 ዓመት በአንድ ጨለማ ስክሪን አልዘለለም። ከሚሴ ካለችበት ዞን፣ ከመላው ወሎም፣ ወጣቶች በባቲ በኩል ወደ አፋር በረሃ ወርደው፣ ጅቡቲ ደርሰው፣ ባሕር ተሻግረው በየመን አድርገው ወደ ሳዑዲ ሲሄዱ ስንት ዘመናችን ነው። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተባርረው ሲመለሱ የእኛም ልጆች በመካከላቸው ነበሩ። በእናንተ ድራማ አረብ ሀገር የሄደ ሰው «ከ5 ዓመት በኋላ» ይመጣል፤ ወይ ሀብታም ሆኖ፣ ወይ አእምሮውን ስቶ። እነዚያ አምስት ዓመታት ግን እዚህ፣ ከሚሴ ውስጥ፣ ቀን በቀን ተኖረዋል። እናት ደላላው ከመንገድ ደውሎ የጠየቀውን ገንዘብ ለመክፈል ላም ሸጣለች። ታናሽ እኅት የወንድሟን ድርሻ ሥራ ይዛ ከትምህርት ቀርታለች፤ ወይም እሱ በላከው ገንዘብ ተመልሳ ገብታለች። አባት ቆርቆሮውን ቀይሮ ግድግዳውን በብሎኬት ጀምሮ፣ ገንዘቡ ሲቋረጥ መስኮት ሳይገባለት ቀርቷል። እያንዳንዱ አንድ ክፍል ይወጣዋል። ሲትኮም ለሚጽፍ ሰው ሳቁም እዚሁ ነው፦ ስልክ ላይ ሁሉም «ደህና ነኝ» ሲል፣ ሁሉም የሌላውን ውሸት እያወቀ ሲቀበል።

የባቡሩን ነገር ተመልከቱ። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የሚዘልቀውን መስመር የቱርኩ ያፒ መርከዚ እ.ኤ.አ. በ2015 መገንባት ሲጀምር እኛ ዘንድ ሁሉም ሰው ወደፊት ዘልሎ ነበር። ወጣቱ የሚቀጠርበትን፣ ነጋዴው ዕቃውን የሚጭንበትን ቀን እያሰበ ነበር። ያኔ አንደኛ ክፍል የነበረ ልጅ ሁለተኛ ደረጃን ሊጨርስ ሲቃረብ ባቡሩ ገና አልመጣለትም። በመካከሉ በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በዞናችን ሰው ያለቀበት፣ ቤት የተቃጠለበት ግጭት መጣ፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ራሱ ከሚሴ ገባ። ወደፊት ለእኛ እንዲህ ነው፤ የተወሰነው ሲመጣ የተወሰነው ይቀራል፣ ማንም ያልጠራውም በመካከል ይገባል። ከ2013 በፊትና በኋላ ያለውን አንድ ቤተሰብ በአንድ ጽሑፍ ማገናኘት በእነዚያ ሰዎች ላይ የሚፈጸም በደል ነው፤ ቃሉ ከበዳችሁም አላነሣውም።

የሴት ልጆቹ ጉዳይ ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል። ወደፊት በሚዘልሉት ታሪኮች ውስጥ የጎበዝ ልጅ ፍጻሜ ሰርግ ነው። የሊሳም ታሪክ በሰርግ ተለክቷል፤ ሆኖም እሷ አፍርሳዋለች። የእናንተዎቹ አያፈርሱም። ሙዚቃው ይገባል፣ ቬሎው ይታያል፣ ያልቃል። በሀገራችን የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. የጋብቻን ዝቅተኛ ዕድሜ 18 ዓመት ሲያደርግ ለልጆቹ የሰጣቸው እነዚያን ድራማው የሚዘልላቸውን ዓመታት ነው። ከ12 እስከ 18 ባለው ጊዜ በዞናችን ያለች አንዲት የዳዋ ጨፋ ወይም የአርጡማ ፉርሲ ልጅ ምን ስታደርግ ትውላለች? ማን ይሟገትላታል? አባቷ ሐሳቡን የቀየረው በየትኛው ቀን፣ በማን ንግግር ነው? ይህን የሚጽፍ እንዳለ አውቃለሁ። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባልደረቦቿ በ«ጥበብ ገርልስ» አኒሜሽን ያለ ዕድሜ ጋብቻን የመሳሰሉ ጉዳዮችን ፊት ለፊት አምጥተዋል፤ ከዚያ በፊት በ«ፀሐይ መማር ትወዳለች» ሕፃናትን ስለ ጤናቸው፣ ስለ ፊደላቸው አስተምረዋል፣ ሥራቸውም በአፋን ኦሮሞ ጭምር ቀርቧል። ስለዚህ «በሀገራችን አቅም አይቻልም» የሚለውን ምክንያት አልቀበልም።

አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ከአርባ ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲነግሩ «የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች» ብለው ሰላምታ ይሰጡ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ በሀገሪቱ ያላዘነ የለም። ተረቶቻቸው አጭር ነበሩ፤ ሆኖም አንዱ ነገር ሌላውን እየወለደ ነበር የሚሄዱት፤ ሕፃን ልጅ እንኳ «ለምን?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ ነበራቸው። በአበባውና በፍሬው መካከል ያለው ክረምትና በጋ አልተዘለለም። የእናንተን «ከ20 ዓመት በኋላ» አንድ ተማሪዬ «ለምን ሀብታም ሆነ?» ብሎ ቢጠይቅ ከስክሪኑ መልስ አያገኝም። ውጤት አይቷል፣ ምክንያት አላየም። ከዚህ የሚማረው ሕይወት በዕድልና በቪዛ እንደሚለወጥ ነው፤ ይህንኑ ደግሞ ከደላላ አፍ ይሰማዋል።

ወደፊት መዝለልን ተዉ አልላችሁም። መልካም ስልት ነው፤ ቤተሰብ ደግሞ ስለ ነገ ሳያወራ አይውልም። የምጠይቃችሁ የአሠራር ለውጥ ነው። ከመዝለላችሁ በፊት የምትዘልሏቸውን ዓመታት ቁጭ ብላችሁ ጻፏቸው፤ ተመልካች ባያያቸውም እናንተ እወቋቸው። እንደ ሆመር የእጅጌ ቁልፍ ከትናንቱ ቤት ወደ ነገው የሚሻገር አንድ ነገር ያዙ፤ እኛ ዘንድ ከአያት የተወረሰ ረከቦት ሊሆን ይችላል፣ ሳይከፈል የቀረ ዕዳ ሊሆን ይችላል፣ አባት ልጁን የጠራበት ያልተወደደ ስም ሊሆን ይችላል። መግቢያ በር ካስፈለጋችሁ የጠንቋይ ድንኳን ከሩቅ አታምጡ። ወሎ ውስጥ ቡና ተፈልቶ ዱአ በሚደረግበት ቤት ሁሉ ሽማግሌ ልጅን በስሙ ጠርተው ነገውን ይመርቁለታል። ያ ምርቃት ከ20 ዓመት በኋላ ምኑ እንደ ደረሰ፣ ምኑ እንዳልደረሰ ማየት ብቻውን አንድ ሙሉ ክፍል ነው።

ስትጽፉም አዲስ አበባ ተቀምጣችሁ አትገምቱን። ሰኞ ባቲ ገበያ ግመልና ፍየል ሲሸጥ፣ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ላይ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አማራው ሲገበያይ ኑና ስሙ። ጨፋ ሜዳ ላይ ቦርከና ዳር ከብት የሚጠብቅ ልጅ ከ20 ዓመት በኋላ ምን እንደሚሆን ጠይቁት፤ ከዚያ ደግሞ በመካከሉ ምን ምን እንደሚያደርግ ጠይቁት። የሁለተኛውን ጥያቄ መልስ ሙሉውን ጻፉት። የድራማ ክበባችን በር ክፍት ነው፤ መጥታችሁ ከተማሪዎቼ ጋር ብትሠሩ ቦታውንም ሰዓቱንም እኔ አመቻቻለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የአማርኛ መምህር፣ ከሚሴ