ሳምራዊው ሒሳቡን ከፍሏል

ወገኖቼ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ የተጓዘ ሁሉ መርሳን ያውቃታል። መኪናው ገና ሳይቆም ማንጎና ፓፓያ የያዙ እናቶችና ልጆች መስኮቱን ይከቡታል። መንፈሳዊነታችን የሚፈተነው እዚያ ነው። በኮንፈረንስ እጁን ዘርግቶ ሲያመልክ የሰነበተው ወንድም በ10 ብር ይከራከራል። ሾፌሩ ክላክስ እስኪያደርግ ይጠብቅና ሴትየዋ ጨንቋት የሰጣትን ስትቀበል፣ "በነጻ ገዛሁት!" እያለ ለጎረቤቱ ያወራል። ምሳሌ 20፥14 ይህን ሰው በደንብ ያውቀዋል፤ ሲገዛ ያጣጥላል፣ ሲሄድ ይመካል።

"መንገደኛ ስንሆን ዋጋ ይቆልሉብናል" ትሉኛላችሁ። አንዳንዴ እውነት ነው። መከራከርም ኃጢአት አይደለም፤ ገበያ ነው። የደሃን ጭንቀት ጠብቆ ላቧን መንጠቅ ግን ክርክር አይባልም። ከ2013 መጨረሻ እስከ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያንና መርሳን ሲመታ እኛ ጉዟችንን ሰረዝን፤ እሷ የዕለት እንጀራዋን አጣች።

ወልድያ ደርሰን ሆቴል ስንገባ ደግሞ ይብሳል። አስተናጋጇን በጭብጨባ እንጠራለን። ሃያ ሆነን በልተን ስንነሳ በጉርሻ ፈንታ ሳህን ሥር ትራክት እንተዋለን! (ትራክቱን ተዉት፤ ግን ከብር ጋር።) "ደመወዟ የአሠሪዋ ጉዳይ ነው" የሚል አይጠፋም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ቢደነግግም፣ ወለሉ ሳይቆረጥ ዓመታት አልፈዋል። እኛ ደግሞ "የጌታ ሥራ ነው፣ አስቡልን" ብለን የአልጋ ዋጋ እናስቀንሳለን፤ ቀሪውን "ከአዲስ አበባ በባንክ እንልካለን" ብለን በሌሊት እንወጣለን። የጎደለው ከማን ኪስ የሚወጣ ይመስላችኋል? ከባለቤቱ ኪስ ብቻ አይደለም፤ አንሶላ ያጠበችው ልጅም ደመወዟ ይዘገያል። ዘዳግም 24፥15 የምንዱባን ደመወዝ ፀሐይ ሳትገባ ይከፈል የሚለው ድሃው ነፍሱን በእርሱ ላይ ስለሚጥል ነው። ካልተከፈለውም ጩኸቱ ወደ እግዚአብሔር ይደርሳል።

ስለ ደጉ ሳምራዊ ስንሰብክ ዘይቱንና ወይኑን እናደምቃለን፤ ሉቃስ 10፥35 ላይ ስንደርስ ግን እንቸኩላለን። ሰውየው መንገደኛ ነበር፣ እንደ እኛ። ለማደሪያው ባለቤት ሁለት ዲናር ሰጠ። በማቴዎስ 20፥2 አንድ ዲናር የሠራተኛ የቀን ደመወዝ ነው። "በጎ ሥራ ነውና ቀንስልኝ" አላለም፤ ይልቁንም ተጨማሪ ወጪ ካለ ሲመለስ እንደሚከፍል ቃል ገባ።

አስተባባሪዎች ሆይ፣ ለሚቀጥለው ጉዞ በጀት ስታወጡ ከድምፅ መሣሪያው ኪራይ ቀጥሎ ለአስተናጋጇ፣ ለአልጋ አንጣፊዋና ሻንጣችሁን ለሚያወርደው ልጅ አንድ መስመር ጻፉ። ካለፈው ኮንፈረንስ ያልተከፈለ ቀሪ ካለባችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ወደ ሆቴሉ ደውሉ።