«ቀኑ ስላለፈ ቤቱ የኔ ነው»

አንዲት እህታችን የላከችልኝን ደብዳቤ ሳነብ ልቤ ተነካ። አባቷ ከ3 ዓመት በፊት ለሕክምና ከሠፈር ነጋዴ 150 ሺህ ብር ይበደራሉ፤ መያዣው መኖሪያ ቤታቸው ነው። ውሉ «በዓመቱ ካልከፈልኩ ቤቱን ይውሰድ» ይላል። አባት 40 ሺውን መልሰው ሳይጨርሱ አረፉ። ሰውዬው አሁን «400 ሺህ አምጡ፣ አለዚያ ቤቴን ልቀቁ» ብሏል። «እናቴ እንቅልፍ የላትም። ጎዳና ልንወጣ ነው ወይ?» ትላለች።

እህቴ፣ መጀመሪያ እናትሽን አረጋጊያት። ቀኑ ስላለፈ ብቻ ቤቱ የሱ አይሆንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3060 እንዲህ ያለውን አስቀድሞ የተገባ ቃል ዋጋ አይሰጠውም። ሰውዬው ከስሶና አስፈርዶ ቤቱን በሐራጅ ማሸጥ ይችል ይሆናል፤ በጉልበት ማስወጣት ግን አይችልም። አበዳሪው ባንክ ቢሆን ነገሩ ሌላ ነበር፤ ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ ባንኮች አስጠንቅቀው ራሳቸው እንዲሸጡ ሕግ ፈቅዶላቸዋል።

ወደ ሂሳቡ እንምጣ። 400 ሺህ ከየት መጣ? በቁጥር 2479 መሠረት የብድር ወለድ በዓመት ከመቶ 12 አይበልጥም። በዚሁ በ12 ብናስበው እንኳ የ3 ዓመቱ ወለድ 54 ሺህ ነው፤ ከነዋናው 204 ሺህ። ሌላው ትርፍ ነው።

የሚያሳስበኝ 40 ሺው ነው። «ጎረቤቶች አይተዋል» ብለሻል። ምን ዋጋ አለው! ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር መመለሱ የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ሰውዬው ፍርድ ቤት ቀርቦ ሲያምን ወይም ሲምል ነው። እኛ አገር ደረሰኝ መጠየቅ ሰውን እንደ መጠርጠር ይቆጠራል፤ በዚህ ይሉኝታ ስንቱ ቤቱን አጣ!

እንግዲህ የወራሽነት ማስረጃ አውጡ። ውሉን ይዘሽ ጠበቃ አማክሪ፤ መያዣው በሕጉ መሠረት መመዝገቡንም አጣሩ። ከአሁን ወዲያ 1 ብርም ብትሆን ያለ ፊርማ አትስጡ። ትክክለኛውን ዕዳ አልቀበልም ካለ፣ ገንዘቡን በፍርድ ቤት በኩል ማስቀመጥ ይቻላል።

የተበደራችሁትን ክፈሉ፤ ያልተበደራችሁትን ግን ፈርታችሁ አትክፈሉ። ለእናትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።